ሰማያዊው ፓፍ በሦስት ሳምንት ለምን ያልቃል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። አስም ከጀመረኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ድሮ አንድ ሰማያዊ ፓፍ፣ ያ ወደ አፍ የሚረጨው መድኃኒት፣ ሦስት አራት ወር ያቆየኝ ነበር፤ አሁን በሦስት ሳምንት ያልቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲር ሲር እያለኝ እነቃለሁ። ቡናማ ፓፍም ታዞልኝ ነበር፤ ለውጥ ስላላየሁበት ተውኩት። እናቴ ‹ፓፍ ሱስ ነው፣ ሰውነትሽ ለምዶታል› ትላለች። እውነት ለምጄው ነው? ደግሞስ ቤት ሆኜ ትንፋሼ መቼ እንደከፋ በምን አውቃለሁ?»

መልስ፦

ሰላም እህቴ። ዶክተር ብለሽኛል፣ ግን ፋርማሲስት ነኝ። ድሬ ላይ ከመድኃኒት መስኮት ጀርባ ስቆም ዓመታት አልፈዋል። «አንቺ» ስልሽ ቅር አይበልሽ። የድሬ ልጅ ነሽ፤ እዚህ «አንቱ» ብዙ ገበያ እንደሌላት ታውቂያለሽ።

ፓፍ ሱስ አይደለም። እናትሽ ግን ሙሉ ለሙሉ አልተሳሳቱም። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ሂሳብ እንሥራ። ሰማያዊው፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቆርቆሮ 200 ርጭት አለው። በ21 ቀን ከጨረስሽው በቀን ዘጠኝ አሥር ጊዜ ትጫኚዋለሽ ማለት ነው። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ፣ ሰማያዊው በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው አስሙ በቁጥጥር ሥር አይደለም ይላል። አንቺ በቀን ነው የምትቆጥሪው። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ቆርቆሮ የሚጨርስ ሰው አስሙ በኃይል የመነሳት ዕድሉ ከፍ ይላል። በዓመት አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን በአስም የመሞት አደጋውም ይጨምራል። በአንቺ ፍጥነት በዓመት አሥራ ሰባት ይሆናል። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ሰማያዊውን ስትገዢ ማንም ይህን ስላልነገረሽ ነው።

አሁን ቡናማውን ለምን እንደተውሽው ላስረዳሽ። ሐረር ጁገል ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ታውቂያለሽ አይደል? የሳንባሽን ቀጫጭን ቧንቧዎች እንደዚያ አስቢያቸው። አስም ሲነሳ ሁለት ነገር ይሆናል። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። የውስጡ ግድግዳ ደግሞ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ያመርታል። ሰማያዊው ጡንቻውን ያፍታታል። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይለቅቃል። ያበጠውን ግድግዳ ግን አይነካውም። ግድግዳውን የሚያክመው ቡናማው ነው፣ ቤክሎሜታዞን የሚባለው። እሱ ደግሞ ቀስ ይላል። ለውጡ ከቀናት በኋላ ይጀምራል፤ ሙሉ ጉልበቱ ሳምንታት ይፈልጋል። አንቺ እንደ ሰማያዊው ወዲያው እንዲያሻልሽ ጠብቀሽ ነበር። «አይሠራም» ብለሽ ጣልሽው። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ጥፋቱም በአብዛኛው የኛ ነው፤ ሳናስረዳ እንሰጣለን።

እናትሽ ያልተሳሳቱበት ነገር ይኸውልሽ። ሰማያዊውን ብቻውን በየቀኑ፣ ደጋግሞ የሚወስድ ሰው ቧንቧው ለመድኃኒቱ ያለው ምላሽ እየደከመ ይሄዳል። ለአቧራና ለጭስ ደግሞ ይበልጥ ቁጡ ይሆናል። ስለዚህ «ለምዶታል» የሚሉት ነገር በከፊል አለ። መፍትሔው ግን ፓፍ መተው አይደለም፣ ቡናማውን መጀመር ነው። ጂናም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂና ጎረምሳ በሰማያዊው ብቻ እንዳይታከም ይመክራል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ላይ የሚሠራ፣ ቡዴሶናይድ ከፎርሞቴሮል ጋር የያዘ ፓፍም አለ። የትኛው እንደሚሻልሽ፣ የትኛው ኪስሽን እንደማይጎዳ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቀለሙ ብቻ አትለዪው። አምራች ሲቀየር ቀለሙም ሊቀየር ይችላል። ስሙን አንብቢ።

አሁን ሆዴን የሚበላኝን ልንገርሽ። ከዚያ ዘጠኝ አሥር ርጭት ውስጥ ስንቱ ሳንባሽ ደርሷል?

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እኔም ካርቶኑ ላይ «2 ጠዋት 2 ማታ» እየጻፍኩ «ቀጣይ!» እል ነበር። አንድ ሰውዬ በወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ተናደድኩ፤ የሚሸጠው መስሎኝ ነበር። «እስቲ እንዴት እንደምትወስደው አሳየኝ» አልኩት። አፉን ከፈተ፣ ተጫነው፣ ነጭ ጉሙ በአፉና በአፍንጫው ተመልሶ ሲወጣ አየሁት። ሰውዬው ወር ሙሉ ምላሱን ሲያክም ነበር የከረመው። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሳላሳይና ሳላይ ፓፍ አልሰጥም። ወረፋው ይረዝማል፣ ሰዉ ያጉረመርማል፣ ምን ይደረግ።

በትክክል ሲወሰድም ሳንባ የሚደርሰው ከሚረጨው ትንሹ ክፍል ነው፤ የቀረው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በስህተት ሲወሰድ አስቢው።

እንግዲህ ፓፍሽን ያዢና አብረን እናድርገው። ክዳኑን ክፈቺ። የአፉን ቀዳዳ ተመልከቺ፤ ቦርሳ ውስጥ ክዳኑ ወልቆ ከነበረ ሳንቲም፣ የጆሮ ጌጥ፣ ክር ይገባበታል። ደህና አድርገሽ ነቅንቂው። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ሳትነኪው ከቆየ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ወደ አየር እርጪው። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ ወይም ቁሚ፤ አገጭሽ ትንሽ ቀና ይበል። አሁን ትንፋሽሽን ወደ ውጭ አውጪ፣ እስኪያልቅ። ይህችን ሁሉም ሰው ይዘላታል። የሞላ ጀሪካን ላይ ውኃ አይጨመርም።

ከዚያ ፓፉን በጥርሶችሽ መሀል አድርጊና ከንፈርሽን ግጠሚ። ምላስሽ መንገድ እንዳይዘጋ። በአፍሽ በዝግታ መሳብ ጀምሪ። ልክ ስትጀምሪ አንዴ ተጫኚው፣ መሳብሽን አታቁሚ። በቀስታ ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሰከንድ ይፍጅ። ትኩስ ሻይ እንደምንምገው ፉት ካልሽው ጉሮሮሽን መትቶ እዚያው ይቀራል። ሳንባሽ ሲሞላ ፓፉን አውጪ፣ አፍሽን ዝጊ፣ እስከ አሥር ቁጠሪ። አሥር ካልቻልሽ የቻልሽውን ያህል። ቀስ ብለሽ አስወጪ። ሁለተኛ ርጭት ከታዘዘልሽ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ እንደገና ነቅንቂና ድገሚው። ሁለት ጊዜ በአንድ ትንፋሽ መጫን የለም።

መስታወት ፊት ቆመሽ ሞክሪው። ጉም ከአፍሽ ወይም ከአፍንጫሽ ሲወጣ ካየሽ፣ ያ ርጭት ከሽፏል።

ቡናማውን ከወሰድሽ በኋላ አፍሽን በውኃ ተጉመጥምጠሽ ትፊው። ካልሆነ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሊያወጣ፣ ድምፅም ሊጎረንን ይችላል። ጥርስ ከመቦረሽ በፊት ውሰጂው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ውኃ።

መጫንና መሳብ አልገጥም ካለሽ፣ አይፈረድብሽም። ብዙ ሰው አይገጥምለትም። መፍትሔው ስፔሰር ነው፣ ጉሙን ይዞ የሚያቆይ የላስቲክ ዕቃ። ተጭነሽበት በራስሽ ጊዜ ትስቢያለሽ። ውድ ከሆነብሽ ወይም ካጣሽው የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል። ቀልድ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት አስም የተነሳባቸውን ሕፃናት በዚህ ፕላስቲክ አክመው ከተገዛው ስፔሰር እኩል ሆኖ አግኝተውታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕላስቲኩን አጥበሽ አድርቂ። የፓፉን አፍ ቂጡ ላይ አስቀምጪና በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሪ። በጋለ ሽቦ ወይም ቢላ በልኩ ብሺው፤ ከልኩ ትንሽ ቢያንስ ይሻላል፣ ጠብቆ እንዲገባ። ክፍተት ካለ በፕላስተር ጠቅልዪ። የምትስቢው በፕላስቲኩ አፍ በኩል ነው። አንዴ ተጫኚ፣ ወዲያው በዝግታ ሳቢና ያዢ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወይም ልጅ ከሆነ፣ ተጭኖ አፉን ሳይለቅ አራት ወይም አምስት ጊዜ መደበኛ ትንፋሽ ይተንፍስበት። ትንንሽ ልጆች ግን ጭምብል ያለው ስለሚያስፈልጋቸው ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ፕላስቲኩን ስታጥቢ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ባለው ውኃ ንከሪው፤ በጨርቅ ሳትጠርጊ ራሱ ይድረቅ። በጨርቅ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል።

እግረ መንገዴን፣ ይህ በጋዝ የሚረጭ ፓፍ ራሱ ከአንዲት ልጅ ጥያቄ የመጣ ነው ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ የ13 ዓመት ልጁ አስም ነበረባት። የሷ መድኃኒት እንደ ፀጉር ስፕሬይ ለምን በቆርቆሮ እንደማይሠራ ጠየቀችው። እ.ኤ.አ. በ1956 ገበያ ላይ ዋለ።

ስለ አያያዙ አጭር ነገር። ቆርቆሮው የታመቀ ጋዝ አለው፤ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ ይጻፍበታል። ድሬ ላይ ይህን ማንበብ ያስቃል። ቢሆንም ጥላ ውስጥ አኑሪው። ሱቅሽ በር ላይ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፣ የባጃጅ መስታወት ሥር አይረሳ። የላስቲክ ክፍሉን በሳምንት አንዴ፣ ቆርቆሮውን አውጥተሽ፣ በለብ ያለ ውኃ እጠቢ። ቆርቆሮውን ውኃ ውስጥ አትንከሪ። ውኃ ላይ አንሳፎ «ሙሉ ነው፣ ባዶ ነው» የሚሉትም አይሠራም። መነቅነቅም አያሳውቅም፤ መድኃኒቱ አልቆ ጋዙ ብቻ ሲረጭ ሊቆይ ይችላል። ሰዉ «መድኃኒቱ ደከመ» የሚለው አንዳንዴ ይኼ ነው። ቆጣሪ ከሌለው የጀመርሽበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፊ። ቡናማው 200 ርጭት ኖሮት ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ከሆነ በ50 ቀን ያልቃል። ሃምሳው ቀን አልፎ አሁንም «አለ» ካለሽ፣ ወይ ዘለሻል ወይ ጋዝ እየሳብሽ ነው።

ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ለረመዳንም ይመቻል። እዚህ ብዙ ሰው ቡናማውን ለወር ያቆማል፤ ረመዳን አልቆ ሸዋል ሲገባ እኛ ጋ ይሰለፋል። በሱሁርና ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። ትንፋሽ ሲያጥር ሰማያዊውን ስለመውሰድ ሼኽ ጠይቁ፤ ቀድማችሁ ግን፣ አየር አጥሮ እያለ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ ትንፋሽ ቤት ውስጥ እንዴት ይለካል?

ከሁሉ የምወደው መለኪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ሰማያዊውን በተጠቀምሽ ቁጥር አንድ ጭረት። ሌሊት በነቃሽ ቁጥር አንድ ክብ። ይኼው ነው። ዛሬ ከትናንት ይበልጥ ከጫርሽ፣ ደረትሽ ሳይነግርሽ ወረቀቱ ይነግርሻል። አስም ብዙ ጊዜ ባንዴ አያንቅም፤ ቀናት አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መንቃትሽ አንዱ ምልክት ነው። የአስም ቧንቧ ሌሊትና ንጋት ላይ ይበልጥ ይጠባል።

ሁለተኛው፣ ካገኘሽ፣ ፒክ ፍሎው ሜትር ነው። ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ሆኖ ጠቋሚ አለው። ቆመሽ በደንብ ስበሽ፣ ባለሽ ኃይል ባንዴ ታወጪበታለሽ። ሦስት ጊዜ ነፍተሽ ትልቁን ቁጥር ጻፊ፤ ጠዋትና ማታ። ደህና በሆንሽበት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ለክተሽ ያገኘሽው ትልቁ ቁጥር የራስሽ ልክ ነው። የጎረቤትሽ አይደለም። ልክሽ 400 ከሆነ፣ ከ320 በላይ ደህና ነሽ። ከ320 በታች ከሆነ አንድ ነገር እየመጣ ነው፤ ሐኪምሽ በሰጠሽ ዕቅድ መሠረት ተንቀሳቀሺ። ከ200 በታች ከወረደ ሰማያዊውን ወስደሽ ወደ ሆስፒታል።

ሦስተኛው መቁጠር ነው። ቁጭ ብለሽ ዐርፈሽ ሳለ ሌላ ሰው ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሽሽን ይቁጠርልሽ። ራስሽ ከቆጠርሽ ሳታስቢው ታስተካክዪዋለሽ። ያረፈ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ዐርፈሽ 25 ከደረሰ ከባድ ነው።

መሣሪያ በሌለበት ደግሞ ወሬሽን አዳምጪ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጪ መጨረስ ካቃተሽ ቀልድ የለም። የአንገት ጅማት ሲወጠር፣ የጎድን አጥንት መሀል ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ፣ የምላስ ወይም የከንፈር ውስጥ ሲጠቁር፣ ሰው ሲደናገርና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ ጊዜ አይሰጥም። አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ድንገት ጠፍቶ ሰውዬው አሁንም ከተጨነቀ፣ ተሻለው ማለት አይደለም። ድምፅ የሚያወጣ አየር እንኳ አልቀረም ማለት ነው።

በዚያ ሰዓት ምን ይደረጋል? ቤተሰብሽ ይህን ያንብብ። አታስተኟት፤ ቀና ብላ ትቀመጥ። ሰው አትክበቧት፤ ዕጣን አታጭሱ። ሰማያዊውን በስፔሰር ወይም በፕላስቲኩ፣ በየርጭቱ አራት አምስት ትንፋሽ እያስወሰዳችሁ፣ ከአራት እስከ አሥር ርጭት ስጧት። ካልተሻላት ባጃጅ ጥሩ፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ መንገድ ላይም ቢሆን ድገሙላት። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ቅርባችሁ ያለው ድንገተኛ ክፍል፣ ፓፉን ይዛችሁ ሂዱ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ምልክቶች ከታዩ ሃያውን ደቂቃ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

ስለ ቡና ልትጠይቂኝ ነው። የሐረር ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለአስም ይሰጥ ከነበረው ቴዎፊሊን ጋር ዘመድ ነው፤ ቧንቧን ትንሽ ይከፍታል። ትንሽ ነው ያልኩት። ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ደረትሽን ይዘጋዋል። ጠጪው፣ ቆይው ግን ሌላ ሰው ይሁን።

ጭስ ካነሳን፣ በርጫ ቤት ችግሩ ክፍሉ ነው። የተዘጋ በር፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሺሻ፣ ሲጋራ። ልብስ ከቦንዳ ስትፈቺም ብናኙ ብዙ ነውና አፍሽንና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ከተቻለ ደጅ ላይ ፍቺ። የትንኝ መርጫ ሲረጭ ከቤት ውጪ።

ሌላ ከባድ ነገር። ሳልቡታሞል ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ለልብ ምቱ ተብሎ ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ከተሰጠሽ፣ አትውሰጂ። ቧንቧውን የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ። ሐኪም ሲያዝልሽም «አስም አለብኝ» በዪ። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክም አንዳንድ ሰው ላይ አስም ያስነሳሉ። «ፓፍ ያሳፍራል» ብለው የሳልቡታሞል ክኒን የሚመርጡ ሴቶች ይመጡብኛል። ሁለት ርጭት 200 ማይክሮግራም ነው። አንዱ የ4 ሚሊግራም ክኒን የዚያ ሃያ እጥፍ ነው፤ በደም ዞሮ ልብሽን ሁሉ ይነካል፣ ለመሥራትም ይዘገያል። አቦ፣ ከዚያ ፓፍ ከቦርሳ አውጥቶ መሳብ ይቀላል።

ስለዚህ ይህን ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። ሰማያዊውን በራስሽ አታቁሚ። ሁለቱንም ፓፍ ያዢ፣ የተውሽውንም ጭምር። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ካሰብሽ ንገሪው፤ በእርግዝና ጊዜ መድኃኒቱን መተው ለልጁም አይበጅም። ፋርማሲስቱ ጋ ስትደርሺ «እስቲ አወሳሰዴን እየኝ» በዪው። ቢቸኩልም አትልቀቂው።

ወረቀቱን ዛሬ ማታ ጀምሪ። ቡናማውን እንደገና ከጀመርሽ ከአንድ ወር በኋላ ስንት ጭረትና ስንት ክብ እንዳለሽ ጻፊልኝ።